እትዬ ደቂቃ ጡረታ በወጡ በሦስተኛው ቀን

ሰኞ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በአውቶቡስ ዴፖው ግቢ ውስጥ የነበርነው ሃያ ሁለት ሾፌሮች፣ ሃያ ሁለት ትኬት ቆራጮች፣ አንድ ዘበኛና እትዬ ደቂቃ ነን። ከመካከላችን እዚያ መገኘት ያልነበረባቸው እትዬ ደቂቃ ብቻ ነበሩ። ዓርብ ዕለት ጡረታ ወጥተዋል። እጃችንን እስኪያመን አጨብጭበን የሸኘናቸው እኛው ነን።

መገኘት ኖሮባት ያልተገኘችው ደግሞ በእሳቸው ቦታ የተተካችው ልጅ ናት። ገና ቅጽል ስም ስላላወጣንላት «አዲሷ» እንላታለን።

እትዬ ደቂቃ ሠላሳ አንድ ዓመት የስምሪት ኃላፊ ነበሩ። የስምሪት ሥራ ሲያወሩት ቀላል ነው። አውቶቡሱ ከግቢ ከመውጣቱ በፊት ኃላፊዋ ዙሪያውን ዞራ ጎማውን፣ መብራቱንና ስፖኪዮውን ታያለች፤ ከዚያ የመውጫ ወረቀቱ ላይ ሰዓቱን ጽፋ ትፈርማለች። ፊርማዋ ከሌለ ዘበኛው በሩን አይከፍትም። ያለ ፊርማ የወጣ አውቶቡስ መንገድ ላይ ተቆጣጣሪ ካገኘው እዚያው ይቆማል። የወረቀቶቹ ቅጂ ሦስት ሰዓት ላይ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይላካል።

ቅጽል ስማቸውን ያወጡላቸው ጋሽ ፍሬን ናቸው። ጋሽ ፍሬን የአሥራ አራት ቁጥር ሾፌር ሲሆኑ፣ የእሳቸውን ስም ያወጣላቸው ደግሞ ተሳፋሪው ነው። ፍሬን ሲይዙ ከኋላ የተቀመጠው ሰው ፊት ይደርሳል። አንድ ጠዋት ጋሽ ፍሬን ዘግይተው መጥተው አንዲት ደቂቃ ምን አላት ቢሉ፣ እትዬ ሰዓታቸውን አወጡና፣ ምንም ከሌላት እስቲ አንዲት ደቂቃ ትንፋሽህን ያዝ አሏቸው። ጋሽ ፍሬን በሠላሳ ስምንተኛው ሰከንድ ተሸነፉ። ስሙም ከዚያ ቀን ጀምሮ ጸና።

በዴፖው እያንዳንዱ ሠራተኛ በጥፋት መዝገቡ ውስጥ አንድ ገጽ አለው። ዓርብ ዕለት በሽኝቱ ላይ ሥራ አስኪያጁ የእትዬን ገጽ ከፍ አድርጎ አሳየን። ከስማቸው በስተቀር ምንም አልተጻፈበትም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ነጭ። እትዬ ቀና ብለው ቆመው ስለነበር ከወትሮው ረዝመው ታዩን። ሥራ አስኪያጁ መዝገቡን ሳያስቀምጥ ወደ አዲሷ ዞሮ፣ የሙከራ ጊዜዋ ሦስት ወር መሆኑን፣ በመጀመሪያው ወር አንድ ጥፋት ከተጻፈባት ግን ወንበሩ ቀጥሎ ለተወዳደረው ሰው እንደሚሰጥ በሁላችንም ፊት ነገራት። አዲሷ ስድስት ዓመት ትኬት ስትቆርጥ የኖረች ልጅ ናት። ማታ ማታ ተምራ፣ ተፈትና ነው ያለፈችው። እሺ ብቻ አለች።

ቅዳሜና እሑድ እንዴት እንዳለፉ የሰማነው ከእትዬ ሴት ልጅ ነው። ከዴፖው ፊት ለፊት መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ የሚኖሩትም አንድ ላይ ነው። ቅዳሜ ጠዋት እናቷ ደጃፉ ላይ ወንበር አውጥተው ተቀመጡ። አማቻቸው ሊወጣ ሲል ከወንበራቸው ሳይነሱ ዙር አሉት፤ ምስኪኑም ዞረ። ኮሌታው ተመርምሮ ነው ያለፈው። ቀጥሎ የልጅ ልጃቸውን ደብተርሽንና እርሳስሽን ካላየሁ አታልፊም አሏት። ቅዳሜ ትምህርት የለም። ልጅቷ የምትሄደው ጎረቤት ልትጫወት ነበር።

«እማዬ፣ በቃሽ፤ አሁን እንኳ እረፊ» አለቻቸው ልጃቸው።

«ማረፉማ መች ይቀራል» አሉ እትዬ። «እሱ ራሱ አድራሻዬን ያውቃል።»

እሑድ ግን ለልጃቸው ሲሉ ጋደም አሉ። ከሰዓት በኋላ ልጃቸው እንቅልፍ ወስዷቸው እንደሆነ ብላ በሩን ገርበብ አድርጋ ብታይ፣ ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ ተክለዋል። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ በደቂቃ አርባ ሁለት ጊዜ ይንጠባጠባል፣ ጎረቤት ውኃ ሲከፍት ግን ወደ ሠላሳ ስድስት ይወርዳል ብለው ነገሯት። ልጃቸው በሩን መልሳ ዘጋችው።

ሰኞ አሥር ሰዓት ላይ ነቁ። ዳቦ ልግዛ ብለው ወጡ። ከበራቸው ሲወጡ ዳቦ ቤቱ በስተግራ ነው፤ ዴፖው በስተቀኝ። እግራቸው ማንንም ሳያማክር ወደ ቀኝ ታጠፈ።

ዘበኛው ሲያያቸው በሩን ከፍቶ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሊነግራቸው የሚገባ ነገር ነበረው። አዲሷ ልክ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጥታ፣ ቢሮው ተቆልፎባት ሄዳለች። የቢሮው ቁልፍ ሁለት ነው። አንደኛው በንብረት ክፍል ኃላፊው ቤት ይቀመጣል፤ ቤቱ ከዴፖው የአርባ ደቂቃ የእግር መንገድ ነው፤ አዲሷ ወደዚያ ነው የሮጠችው። ሁለተኛው ቁልፍ በእትዬ ቦርሳ ውስጥ ነበር። ዓርብ አበባውንና ስጦታውን ስናሸክማቸው ቁልፉን ያስታወሰ ሰው የለም። ዘበኛው ይህን ሊል አፉን ሲከፍት፣ እትዬ የጫማህ ክር ተፈትቷል አሉት። ጎንበስ ብሎ አስሮ ቀና ሲል አልፈውታል።

ቦርሳቸውን ከፍተው፣ ከዳቦው ፌስታል ሥር ቁልፉን አውጥተው፣ ቢሮውን ከፍተው ተቀመጡ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእሳቸው ብቻ ነው ማለት አይቻልም። እኛም አርባ አራት ሰዎች ነበርን። ጡረታ መውጣታቸውን አርባ አራታችንም እናውቃለን፤ ኬኩንም በልተናል። ነገር ግን መስኮቱ ተከፍቶ መነጽራቸው ብቅ ሲል ሁላችንም ተሰልፈን ወረቀታችንን ዘረጋን። አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ የመጨረሻው አውቶቡስ ከበሩ ወጣ። አንዱም አልዘገየም።

አዲሷ ከአምስት ደቂቃ በኋላ እያለከለከች ደረሰች። ያን ሰዓት እኛ መንገድ ላይ ስለነበርን የተባባሉትን ያወራን ዘበኛው ነው። እትዬ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጡ ጀመሩ አለን። በመጀመሪያ ቀኑ ያረፈደ በመጨረሻ ቀኑም ያረፍዳል አሏት። እሳቸው ልጃቸውን በወለዱ ጊዜ እንኳ ምጡ የመጣው ከስምሪት በኋላ እንደሆነ ነገሯት። ዛሬ በአጋጣሚ ባይደርሱ ኖሮ ከተማው በሙሉ ፌርማታ ላይ ቆሞ ይቀር እንደነበር ነገሯት። አዲሷ እስኪጨርሱ ድረስ ቆማ ሰማች። ከዚያ አውቶቡሶቹ የት እንዳሉ ጠየቀች። ወጥተዋል ተባለች።

«በማን ፊርማ?» አለች።

እትዬ በእጃቸው ያለውን የወረቀት ጥራዝ አዩ። ከላይ እስከ ታች የእሳቸው ፊርማ ነው። ዘበኛው እንዳለው ቀኑ ሰኞ የሆነባቸው ያን ጊዜ ነው።

ከዓርብ በኋላ የእሳቸው ፊርማ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ፊርማ ነው። ሃያ ሁለት አውቶቡሶች ያለ ስምሪት መንገድ ላይ ናቸው። ሥራ አስኪያጁ ሁለት ሰዓት ላይ ይገባል፤ መዝገቡን ይከፍታል፤ ጥፋቱ የሚጻፈውም በሰዓቱ ወንበሯ ላይ ባልተገኘችው ላይ ነው። ዘበኛው አዘነላትና አንድ ሐሳብ አመጣ። ጥራዙን ቀይረሽ ለሁሉም ፈርሚላቸው፣ ከእኛ በቀር ማን ያውቃል አላት።

«ዞሬ ያላየሁትን አውቶቡስ አልፈርምም» አለች አዲሷ።

እትዬ ቆጣ ብለው ይህን ማን እንዳስተማራት ጠየቋት።

«እርስዎ ነዎት። ስድስት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ በመስኮቱ ሲሉ እሰማዎት ነበር።»

እትዬ መነጽራቸውን ጠረጉ። ከዚያ ግን የሚያውቁትን አንድ ነገር አወጡ። ሃያ ሁለቱም አውቶቡሶች የመጀመሪያ ዙራቸውን ሲጨርሱ በትልቁ አደባባይ ያልፋሉ። የመጀመሪያው ሰባት ቁጥር ነው፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሠላሳ ስምንት ላይ ይደርሳል። የመጨረሻው አሥራ አራት ቁጥር፣ አንድ ሰዓት ከሃያ ሦስት ላይ። አዲሷ አዲስ ጥራዝ አንስታ ወጣች። እትዬም የዳቦ ፌስታላቸውን ይዘው ተከተሏት። አደባባዩ ቅርብ ነው። መንገድ ላይ የዛሬ ልጆች እንዲህ ቀስ ብላችሁ ትራመዳላችሁ ብለው ወቀሷት። ልጅቷ ቀስ ያለችው ለእሳቸው ጉልበት ብላ ነበር።

አደባባዩ ላይ የደረሰው አውቶቡስ ሁሉ በተራ የሆነውን አየ። አዲሷ አውቶቡሱን ዙሪያውን ትዞራለች። ተንበርክካ የጎማውን ጥርስ በጣቷ ትዳስሳለች። ከኋላ ቆማ ሾፌሩን ፍሬን ያዝ ትለዋለች፤ መብራቱ ሲበራ ታያለች። የእትዬን ወረቀት ተቀብላ ሰርዛ በአዲሱ ላይ ትጽፋለች። ከግቢ እንደወጣ አድርጋ አልጻፈችም፤ «በአደባባዩ» ብላ ቦታውን፣ የቆመበትንም ደቂቃ ነው የጻፈችው። እትዬ የፌርማታው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚመጣውን ይጠራሉ። አሁን ሦስት ቁጥር ነው ይላሉ፤ ሦስት ቁጥር ከመታጠፊያው ብቅ ይላል። ዘጠኝ ቁጥር ሦስት ደቂቃ ሲዘገይ ልጃቸው ሰው ፊት ያዋረዳቸው ይመስል አዲሷን ይቅርታ ጠየቋት።

በዚህ መሀል አንዲት ተሳፋሪ አምስት ቁጥር የት ድረስ እንደሚሄድ እትዬን ጠየቀቻቸው። አርባ አንድ ደቂቃ ይሄዳል፣ አሥራ ሰባት ቦታ ይቆማል አሏት። ሴትየዋ መጨረሻው ላይ ያለው ምንድን ነው፣ ገበያ ነው ወይስ መኖሪያ ቤት ብላ ደገመች። እትዬ ጥቂት አሰቡና አላየሁትም አሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት በየቀኑ ሰው ልከውበት አንድም ቀን አልሄዱበትም። ሴትየዋ አለማወቅሽን አስቀድመሽ አትናገሪም ነበር ወይ በሚል ዓይን አይታቸው ሄደች።

ኋላ አዲሷ እንደነገረችን፣ ከሃያ አንደኛው በኋላ ትንሽ ክፍተት ነበረች። አዲሷ አጠገባቸው ተቀምጣ የቀሩትን ወረቀቶች ስታስተካክል ቆየችና፣ ቀና ሳትል አንድ ጥያቄ ጠየቀች።

«እትዬ፣ ለመሆኑ ጠዋት ቢሮውን በምን ከፈቱት?»

«በቁልፍ ነዋ» አሉ።

ከዚያ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ከፈቱት፤ ቁልፉን አዩት፤ የልጅቷን በአቧራ የተሸፈነ ጫማ አዩት። ያ ሁሉ ተግሣጽ በጆሯቸው ሳይመለስባቸው አልቀረም። «መች ልትነግሪኝ ነበር?» አሏት። አዲሷም ስለ ምጡ እያወሩ ስለነበር ማቋረጥ ነውር መስሎኝ ነው አለች።

አሥራ አራት ቁጥር የደረሰው ያን ጊዜ ነው። እኔ የአሥራ አራት ቁጥር ትኬት ቆራጭ ስለሆንኩ ከዚህ በኋላ ያለውን በዓይኔ ነው ያየሁት።

ጋሽ ፍሬን እትዬን አግዳሚው ላይ ሲያዩ ጥርሳቸው በሙሉ ታየ። በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው፣ የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ይሏል ይህ ነው፣ ግቢው ቢከለከል አደባባዩን ያዝሽው እያሉ ቀለዱባቸው። አዲሷ ዞራ ከኋላ ቆመች። ፍሬን ያዙ አለች። ምንም አልበራም። ደግመው ያዙ አለች። ጋሽ ፍሬን ሲይዙ ተሳፋሪው ወደ ፊት ተወዘወዘ እንጂ መብራት የሚባል ነገር የለም።

ይህ አውቶቡስ ከዚህ አያልፍም አለች። ጋሽ ፍሬን ወረዱ፤ አዩት፤ አገጫቸውን አከኩ። ከዚያ ዳኛ እንደሚፈልግ ሰው ወደ አግዳሚው ዞሩ።

«አንቺ ሴትዮ፣ አንድ ነገር በያት እንጂ። አንቺ ራስሽ ፈርመሽልኝ የለም ወይ?»

እትዬ ተነስተው ወደ አውቶቡሱ ጀርባ ሄደው የጠቆረውን መብራት በጣታቸው ነኩት። ዛሬ ከወንበሬ አልተነሳሁም አሉ። ቀጥለው ደግሞ፣ ዛሬ ብቻም አይደለም፣ ጉልበቴ ከከዳኝ ሁለት ዓመት ሆነ፤ አውቶቡስ ዞሬ ካየሁ ሁለት ዓመቴ ነው አሉ። ይህን ያሉት ለአዲሷ ነው፤ ድምፃቸው ግን ለሁላችንም ደረሰ።

ጋሽ ፍሬን ሳቁን ተዉ። «እሱንማ እናውቃለን» አሉ።

«ምኑን?»

«አለመነሳትሽን። ሁላችንም እናውቃለን። ሁለት ዓመት ሙሉ ከአንቺ ፊት ከመቆማችን በፊት እርስ በርሳችን ዞረን ስንተያይ ነው የኖርነው። አንቺን ዙሪ ብሎ ማን ያስቸግርሻል? ዛሬ ግን አዲሷ አለች፣ እሷ ታየዋለች ብለን ተውነው። ስንደርስ አንቺ ተቀምጠሻል። ማን ይጠይቅ?»

እውነታቸውን ነው። እኔም ለሁለት ዓመት የአሥራ አምስት ቁጥርን ጎማ ስዳስስ ነበር፤ የእሱ ትኬት ቆራጭ የእኛን ያያል። ያን ሰኞ ግን ሃያ ሁለቱም አውቶቡሶች ማንም ሳያያቸው ነው የወጡት።

እትዬ ተመልሰው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ነጩ ገጽ የእሳቸው ብቻ እንዳልነበር እያሰቡ ይመስለኛል። ጋሽ ፍሬን ያፅናኑ መስሏቸው፣ ጥፋቱን ሁሉ በእኔ ላይ ጻፉት፣ የእኔ ገጽ ሞልቶ ጀርባው ላይ ደርሷል፣ አንድ ቢጨመር አይቆረቁረኝም አሉ። አዲሷ የእርስዎ መብራቱ ብቻ ነው አለችና መብራቱን ጻፈችባቸው።

ተሳፋሪዎቻችንን ወደ ሌላ አውቶቡስ አሸጋግረን፣ ባዶውን አሥራ አራት ቁጥር ይዘን ወደ ዴፖው ተመለስን። እትዬና አዲሷ ፊት ለፊት ተቀመጡ።  ጋሽ ፍሬን እንኳ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በቀስታ ፍሬን ያዙ።

ሥራ አስኪያጁ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ገብቶ ነበር። ጥራዙ ላይ «በአደባባዩ» የሚለውን ሲያይ ቅንድቡ ተሰበሰበ። አዲሷን አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወንበርሽ ላይ ነበርሽ ወይ አላት። አልነበርኩም አለች። ከዚያ በላይ አልጨመረችም፤ እትዬ አጠገቧ ቆመው ነበርና። ሥራ አስኪያጁ ብዕሩን አነሳ።

«ቁልፍ ፍለጋ ሄዳ ነው» አሉ እትዬ። «ቁልፉ እኔ ጋ ነበር።»

ከቅጥሩ ጀምሮ ስለሚያውቁት አንተ ነው የሚሉት። አንድ በአንድ ነገሩት። የዳቦውን፣ የእግራቸውን፣ የመስኮቱን፣ የጉልበታቸውን ነገር። ሥራ አስኪያጁ አንገቱን ደፍቶ ሲሰማ ቆየና ችግሩን አስረዳቸው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ደንብ ይወዳል። የእርስዎ ማኅደር ዓርብ ተዘግቷል አላቸው። ጡረታ የወጣ ሰው ጥፋት ሊሠራ አይችልም፤ ሊሠራ ቢችልም የሚጻፍበት ቦታ የለም። አውቶቡሶቹ ግን ያለ ስምሪት ወጥተዋል፤ ይህ ደግሞ መጻፉ ግድ ነው። ሥራ ላይ ያለችው ኃላፊ አንድ ናት። እሷ ላይ «በሰዓቱ አልተገኘችም» ብለን ብንጽፈው ቀላል ነው፤ እርስዎም ስምዎ በክብር እንደተሸኘ ይቀራል አላቸው። ይህን ያለው ለእሳቸው ብሎ ነው።

አዲሷ ጥራዙን ደረቷ ላይ ይዛ ወለሉን ታያለች። የስድስት ዓመት ልፋቷ እዚያ ብዕር ጫፍ ላይ ነበር።

«መዝገቡን ስጠኝ» አሉ እትዬ።

«እትዬ፣ የርስዎ ገጽ እኮ...»

«ገጼ ዓርብ ዕለት አልተቀደደም። ለሰው ሁሉ ስታሳየው ነበር።»

መዝገቡን ራሳቸው ወደ እሳቸው ሳቡት። ገጻቸውን አገኙ። ወንበር ሳይስቡ፣ ቆመው፣ በዚያ ቀጥ ባለ ጽሑፋቸው ጻፉ። ኋላ አይተነዋል። እንዲህ ይላል፦ «ሰኞ። የቢሮውን ቁልፍ ይዤ ቤቴ በመሄዴ ተረኛዋ ኃላፊ መግባት አልቻለችም። በሌለኝ ሥልጣን ሃያ ሁለት አውቶቡሶች አስወጥቻለሁ። አንዱንም ዞሬ አላየሁም። ከዚህ በፊት የነበሩትን ሁለት ዓመታትም አላየሁም። ተረኛዋ ኃላፊ ሁሉንም አይታ አንዱን መልሳለች።» ፈረሙና ስንት ሰዓት እንደሆነ ሥራ አስኪያጁን ጠየቁት። ሁለት ሰዓት ገደማ ነው አላቸው። ገደማ የሚባል ሰዓት የለም አሉና የራሳቸውን ሰዓት አይተው ሁለት ከሰባት ብለው ጻፉ።

ሥራ አስኪያጁ መዝገቡን መልሶ ሲያነበው ብዙ ቆየ። ከዚያ ብዕሩን ኪሱ ከተተና በአዲሷ ላይ የሚጻፍ ነገር የለም አለ።

እትዬ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወጡ። በሩ ላይ ጋሽ ፍሬን ጠበቋቸውና፣ እንግዲህ ገጽሽ ቆሽሿል፣ ከእኛ እኩል ሰው ሆንሽ አሏቸው። እትዬ እኩል ለመሆንማ አሥራ ሁለት ጥፋት ይቀረኛል ብለው መለሱ። ቁጥሩን ከየት እንዳወቁት ጋሽ ፍሬን እስካሁን ያስባሉ።

ሥራ አስኪያጁ ለእትዬ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መጻፍ ነበረበት። ደብዳቤው ማኅደር ውስጥ መግባት ስላለበት የተዘጋው ማኅደር እንደገና ተከፈተ፤ ለመክፈት የሦስት ሰው ፊርማ ስላስፈለገ አሥራ ሁለት ቀን ፈጀ። ደብዳቤው በፖስታ ተልኮ ቤታቸው ደረሰ። ልጃቸው እንደነገረችን፣ አንብበው ሁለት የቃላት ግድፈት አርመውበታል።

አዲሷ ሦስት ወሯን ጨርሳ ቋሚ ሆነች። እኛም እርስ በርስ መተያየቱን ተውን፤ እሷ ትዞራለች።

ቁልፉን ባስረከቡበት ሳምንት፣ ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ እትዬ ደቂቃ ከአደባባዩ አምስት ቁጥርን ተሳፈሩ። ትኬት ቆርጠው በመስኮት በኩል ተቀመጡ። መጨረሻው ፌርማታ ላይ ወረዱ። እዚያ የሸክላ ጡብ ፋብሪካና አንድ ትንሽ ወንዝ አለ። ወንዙ ዳር ትንሽ ተቀምጠው በሚቀጥለው አውቶቡስ ተመለሱ።